«ያኔ ማንም አልተከፋም» ሲባል፦ ዝዋርተ ፒት፣ ዛንዳም እና የእኛ የድሮ ቀልዶች

ኅዳር በገባ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሳል። ሱቁ ፔፐርኖተን በሚባለው ቅመም ባለው ትንንሽ ብስኩት ሲሞላ፣ ልጆች ጫማቸውን ቤት ውስጥ ደርድረው ስጦታ ሲጠብቁ፣ አዋቂዎቹ ደግሞ «ያኔ እኮ ማንም አልተከፋም፤ የዛሬ ሰው ለምን እንዲህ ሆደ ባሻ ሆነ?» እየተባባሉ ይነታረካሉ። ክርክሩ የደች ሰዎች ብቻ ይመስላል። አይደለም፣ የእኛም ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን። መጀመሪያ ግን ለአገሩ አዲስ ለሆነ ሰውም፣ ነገሩን በጨረፍታ ብቻ ለሚያውቅም፣ ከዚሁ ከዛንዳም ተነስተን እናስረዳ። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዛንዳም፣ 2018

ሲንተርክላስ የሚባለው ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ በየዓመቱ በኖቬምበር አጋማሽ «ከስፔን» በእንፋሎት መርከብ ይመጣል። መነሻው የሜራው ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ በእኛ ስንክሳር ታኅሣሥ 10 የሚታሰበው ማለት ነው። ደቾቹ ዋዜማውን ዲሴምበር 5 ማታ ስጦታ በመለዋወጥ ያከብሩታል። በየከተማው የየራሱ አቀባበል አለ። አንዱ ግን ብሔራዊ ተብሎ ለመላው አገር በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል፤ አስተናጋጁ ከተማም በየዓመቱ ይቀያየራል። በ2018 ተራው የዛንስታድ ሆነ። ዛንስታድ ማለት ዛንዳምንና በዛን ወንዝ ዙሪያ ያሉትን ሌሎች ትንንሽ ከተሞች የሚያስተዳድረው ማዘጋጃ ቤት ነው። ኖቬምበር 17፣ ቅዳሜ፣ ሽማግሌው ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ በሚነሳበት በዛንሰ ስካንስ፣ በነፋስ ወፍጮዎቹ በኩል ገባ።

የዚያን ዓመት ጭቅጭቅ ያስነሱት ግን አጃቢዎቹ ናቸው። ዝዋርተ ፒት ይባላሉ፤ «ጥቁሩ ፒት» ማለት ነው። ፊቱን ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ከንፈሩን ወፈር አድርጎ ቀይ ያደረገ፣ ጠጉረ ከርዳዳ ዊግ ያጠለቀ፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ቀለበት ያንጠለጠለ፣ የድሮ ቤተ መንግሥት አሽከር ልብስ የለበሰ ነጭ ሰው ነው። ይዘላል፣ ይገለበጣል፣ ከረሜላ ይበትናል፣ ልጆቹን ያስቃል።

ፕሮግራሙን የሚያስተላልፈው ኤንቴኤር በዚያ ዓመት አማካይ መንገድ መረጠ። ፒቶቹ በጭስ ማውጫ ስለሚወርዱ ፊታቸው ላይ ጥቀርሻ ይኖራል፣ አንዱ ጋ ትንሽ፣ ሌላው ጋ በርከት ያለ፣ አለ። ይኼ ማንንም አላስደሰተም። ተቃዋሚዎቹ «ይኼ ግማሽ መንገድ ነው፣ ያው ፒት ነው» አሉ፤ አንድ ተቋምም ስርጭቱን ለማሳገድ አምስተርዳም ፍርድ ቤት ሄዶ ተረታ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው «ባህላችንን ቆራርሳችሁ ልትጨርሱት ነው» አሉ። ዛንዳም ውስጥ ሁለቱም ወገኖች መቆሚያ ቦታ ተሰጥቷቸው፣ ፖሊስ በብዛት ቆሞ፣ ቀኑ በአብዛኛው በሰላም አለፈ። በዚያው ቅዳሜ አይንድሆቨን ላይ ግን የእግር ኳስ ደጋፊዎች ጥቂት ተቃዋሚዎችን ከበው እንቁላልና ጣሳ ወረወሩባቸው። ከሳምንት በፊት ደግሞ የሌዋርደን ፍርድ ቤት 34 ሰዎችን ጥፋተኛ ብሎ ነበር። እነዚህ በ2017 ወደ ዶኩም ብሔራዊ አቀባበል የሚሄዱ ተቃዋሚዎችን አውቶቡሶች ለማስቆም አውራ ጎዳና የዘጉ ናቸው። ለልጆች ጨዋታ አውራ ጎዳና ይዘጋል እንዴ? ይዘጋል። ነገሩ ምን ያህል የከረረ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

የዛንዳም ሰው ይህን ከቴሌቪዥን ብቻ አልሰማውም። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ የሆነው አልበርት ሃይን በ2014 በጋ ፒትን ከሱቆቹ ሊያስወጣ ነው ተብሎ አገር ሲንጫጫ፣ ቶሎ ብሎ «ፒት ይቆያል» ለማለት ተገዷል። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ከተማውን የሚያውደው የካካዎ ሽታም ቢሆን ታሪክ አለው። የአምስተርዳም ወደብ በዓለም ትልቁ የካካዎ ወደብ ነው፤ ፍሬው ከምዕራብ አፍሪካ ይመጣና በዛን ወንዝ ዳር ፋብሪካዎች ይፈጫል። በሲንተርክላስ ማታ ልጁ የሚሰጠው የስሙ መነሻ ፊደል ከቸኮሌት የተሠራ ነው።

ፒት ከየት መጣ?

ብዙ ሰው ፒት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል። አሁን የምናውቀው ቅርጹ የተጀመረው ግን በ1850 ነው። ያን ስኬንክማን የተባለ የአምስተርዳም መምህር ስለ ቅዱስ ኒቆላዎስና ስለ አሽከሩ የልጆች መጽሐፍ አሳተመ። ከስፔን የሚመጣው የእንፋሎት መርከብና ጥቁሩ አሽከር በአንድነት የታወቁት በዚህ መጽሐፍ ነው። አሽከሩ በመጽሐፉ ስም እንኳን የለውም፤ «ፒት» የሚለው ቆይቶ የተለጠፈ ነው።

ዓመቱን ልብ በሉልኝ። ኔዘርላንድ በሱሪናምና በካሪቢያን ደሴቶቿ ባርነትን ያስቀረችው ጁላይ 1 ቀን 1863 ነው፤ መጽሐፉ ከወጣ ከ13 ዓመት በኋላ። ሱሪናም ውስጥ ነጻ የወጡት ሰዎች ከዚያም በኋላ ለ10 ዓመት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲሠሩ ተገደዋል። ስለዚህ መጽሐፉ ሲታተም በደች ባንዲራ ሥር ጥቁር ባሪያ ማለት ሕያው፣ የሚሸጥ፣ የሚለወጥ ሰው ነበር።

«ጥቁረቱ የጭስ ማውጫ ጥቀርሻ ነው» የሚለው መልስ ለልጅ ሲነገር ደስ ይላል። ልጁ ግን ይጠይቃል፦ ታዲያ ልብሱ ለምን ንጹሕ ሆነ? ጠጉሩንስ ማን ከረደደው? ከንፈሩስ? ከዚህ በላይ ደግሞ ዛሬ ብዙዎች የረሱት ነገር አለ። የድሮ ፒት አነጋገሩም የተለየ ነበር። ደችን ሰባብሮ፣ የሱሪናም ሰው አነጋገር ነው ብለው በሚያስቡት ቅላጼ ነበር የሚያወራው፤ ሞኝም ነበር። ሱሪናም በ1975 ነጻ ስትወጣ ብዙ ሺህ ሰው ወደ ኔዘርላንድ መጣ። እውነተኛ የሱሪናም ልጆች በእውነተኛ የደች ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ፣ ያ ቅላጼ ቀስ በቀስ ከፒት አፍ ጠፋ። ሕግ አልወጣበትም፣ ሰልፍም አልተወጣበትም። የሚቀለድበት ሰው አጠገብ ሲቀመጥ ቀልዱ አፍ ላይ ይከብዳል፣ ያ ብቻ ነው። አነጋገሩ በጸጥታ ሄደ፤ ቀለሙ ግን 40 ዓመት ገደማ ቆየ።

ቅሬታው ስንት ዓመቱ ነው?

«የድሮውን በዛሬ ሚዛን አትመዝኑ» የሚለው ሐሳብ በራሱ መጥፎ አይደለም። አያቴን ስለ ስልክ አጠቃቀም አልወቅሳትም። ግን አባባሉ አንድ ነገር አስቀድሞ እንደተረጋገጠ አድርጎ ይወስዳል፦ በዚያ ዘመን የተከፋ ሰው አልነበረም የሚለውን። እስቲ እንየው።

በ1968 ግሩንባወር የተባለች ኔዘርላንዳዊት ሴት የነጭ ፒቶች ዕቅድ አቅርባ ነበር። ባርነት ከቀረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ጥቁሩን ሰው እንደ ባሪያ ማቅረብ ይብቃ ነው ነገሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሱሪናም የመጡ ሰዎች በድርጅት ተሰባስበው ተቃወሙ። በ1987 ደግሞ ሰሰምስትራት በተባለው የልጆች ፕሮግራም ላይ፣ በሱሪናም የተወለደችው ተዋናይት ኸርዳ ሃቨርቶንግ፣ ፒኖ ለሚባለው ትልቁ ሰማያዊ ወፍ በቀጥታ ነገረችው፤ ይህ ወቅት ሲመጣ ትልቁም ትንሹም ጥቁር ሰዎችን ዝዋርተ ፒት ብሎ እንደሚጠራና ይህም እንደሚያስከፋ። ይህን የተናገረችው በመንግሥት ቴሌቪዥን ላይ ነው፤ አገሩ ሁሉ ልጁን አስቀምጦ የሚያሳየው ፕሮግራም ላይ። በ1990ዎቹ አምስተርዳም ውስጥ ፒት ለጥቁር ሰው ሐዘን ነው ብለው የተነሱ ነበሩ።

ስለዚህ «የዛሬ ሚዛን» የሚባለው ቢያንስ ከ1968 ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ነበረ። የመዘነበት አልነበረም እንጂ። እኔን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ዋናው ነገር ይኼ ነው። ያኔ የተከፋው ሰው በቁጥር ጥቂት ነበር፣ ደሞዙ በአሠሪው እጅ ነበር፣ ጋዜጣ አልነበረውም፣ ልጁ በክፍሉ ብቸኛው ጥቁር ነበር። ሲከፋው ዝም አለ፤ ዝምታውም እንደ ደስታ ተቆጠረለት።

በሌላው ወገን ያሉትንም ዝም ብዬ አላልፍም። እናቱ የሰፋችለትን የፒት ልብስ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ደች አውቃለሁ ብል ብዙዎቻችሁ «እኔም አውቃለሁ» ትሉኛላችሁ። ይህ ሰው «ክፋት አስቤ አላውቅም» ሲል አይዋሽም። ድሃ ቤት ያደገ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስጦታ ያገኘ፣ ያንን ቀን ዘረኝነት ነው ሲባል የተቀማ የሚመስለው አለ። የፍሪስላንድ ወይም የዛን አካባቢ ሰው ደግሞ ነገሩን የአምስተርዳም ሰዎች ትዕዛዝ አድርጎ ያየዋል። ይህ ሁሉ ስሜት እውነተኛ ነው። ግን የእሱ ትዝታ ጣፋጭ መሆኑና የኸርዳ ቅሬታ እውነት መሆኑ አይጋጩም። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ነበሩ።

ፍርድ ቤት አልጨረሰውም

ኖቬምበር 2011 ዶርድሬክት ውስጥ፣ በብሔራዊው አቀባበል ላይ ኪንሲ ጋሪዮ እና ጄሪ አፍሪዬ «ዝዋርተ ፒት ዘረኝነት ነው» የሚል ካናቴራ ለብሰው ቆሙ። ፖሊስ ያዛቸው፤ ጋሪዮ መሬት ላይ ተጥሎ ሲጎተት የሚያሳየው ቪዲዮ ተሰራጨ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ ከጓዳ ወጥቶ አደባባይ የዋለው። በ2013 ከተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ጥያቄ ሲመጣ፣ ፒትን የሚደግፍ የፌስቡክ ገጽ በቀናት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ድጋፍ ሰበሰበ።

በጁላይ 2014 የአምስተርዳም ፍርድ ቤት ፒት ጥቁር ሰዎችን የሚያሳንስ ምስል ስለሆነ ከንቲባው የሰጡትን ፈቃድ እንደገና ይመርምሩ አለ። በኖቬምበር ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሻረው። ምክንያቱ አስተማሪ ነው፤ ከንቲባ ለአንድ ሰልፍ ፈቃድ ሲሰጥ የሚያየው ጸጥታን እንጂ ይዘቱን አይደለም ነው ያለው። ማለትም ፒት ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አላለም። ኳሱን ለሕዝቡ መለሰው። በዚያው ኖቬምበር በአይቡ በሚታወቀው በኻውዳ ከተማ፣ በብሔራዊው አቀባበል ላይ 90 ሰዎች ተያዙ።

ከዚያ ለውጡ ቀስ እያለ መጣ። በ2016 የልጆች መብት እንባ ጠባቂዋ ፒት ባለበት መልኩ ከልጆች መብት ስምምነት ጋር ይጋጫል አሉ። ከ2018ቱ ዛንዳም በኋላ፣ በ2019 አፐልዶርን ላይ የብሔራዊው አቀባበል ፒቶች ፊታቸው ላይ የጥቀርሻ ጭረት ብቻ ይዘው ወጡ። በዚያው ወር ዴን ሃግ ውስጥ የተቃዋሚዎቹ ስብሰባ ተጠቅቶ የሕንፃው መስኮትና ውጪ የቆሙ መኪኖች ተሰባብረዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር የማርክ ሩተ ነገር ነው። በ2014 ጋዜጠኞች ሲጠይቋቸው፣ በካሪቢያን ያሉ ጓደኞቻቸው ቀለም መቀባት ስለማያስፈልጋቸው እንደሚደሰቱ፣ እሳቸው ግን ቀለሙን ለማስለቀቅ ቀናት እንደሚፈጅባቸው ቀልደው ነበር። በጁን 2020፣ ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ዴን ሃግ ፓርላማ ውስጥ ቆመው ሐሳባቸው እንደተቀየረ ተናገሩ። የቀየራቸው ምን እንደሆነ ሲያስረዱ፣ በፒት ምክንያት እንደሚገለሉ የነገሯቸውን ሰዎች፣ ትንንሽ ልጆችም ጭምር፣ ጠቀሱ። በፍርድ ቤት ውሳኔ አልነበረም የተቀየሩት፤ ሰው ስላወሯቸው ነው። እኚሁ ሰው ዲሴምበር 19 ቀን 2022 በመንግሥት ስም ስለ ባርነት ይቅርታ ጠየቁ፤ ንጉሡ ደግሞ ጁላይ 1 ቀን 2023 አምስተርዳም ውስጥ።

አሁን ወደ ራሳችን ሳሎን

እስከዚህ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን የፈረንጅ ክርክር እያየን ነበር። ልጃችን ከትምህርት ቤት መጥቶ «እንደ ፒት ነህ አሉኝ» ሲል ግን ደማችን ይፈላል። ልክ ነን። መምህሯን እናነጋግራለን፣ ኢሜል እንጽፋለን። ማታ ደግሞ ዘመድ ተሰብስቦ ቴሌቪዥኑ ላይ ዩቲዩብ ይከፈታል፤ የድሮ የአማርኛ ቀልድ ይመጣል፤ ሁላችንም እንስቃለን።

በምን ነበር የምንስቀው? እስቲ በቅንነት እናስታውስ። በካሴት ዘመን፣ በበዓል ዋዜማ የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ በሠርግ ቤት መድረክ ደጋግመው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። አማርኛው የሚሰበርበት የጉራጌ ነጋዴ። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» የሚለው አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው። ከገጠር መጥታ መብራት ማጥፋት ያልቻለችው የቤት ሠራተኛ። ከተማ ገብቶ የሚጭበረበረው ባላገር። መስማት የተሳነው ሽማግሌ። እና በጣም የጠቆረው ሰው፤ እሱ ላይ የሚሰነዘረው ቃል ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ «ባሪያ» ነው። የኮሜዲያኖቹን ስም የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። ነገሩ የአንድ ሰው ሥራ ስላልሆነ ነው፤ ደራሲውም፣ ካሴት አሳታሚውም፣ ጣቢያውም፣ እኛም አብረን ነበርንበት። አንዳንዶቹ እኮ የራሳቸው እናት አነጋገር ላይ ነበር የሚቀልዱት፤ ያ ደግሞ ሌላ ጣዕም አለው፤ ከውጭ እንደሚመጣ ስድብ አይቆጠርም።

«ይኼ የፈረንጅ ሚዛን ነው፣ በእኛ ባህል ቀልድ ቀልድ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ለእሱ ሁለት ነገር ብቻ ላስታውስ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ በእጁ የሚሠራውን ሁሉ በሙያው ስም እየሰደበ የሚያዋርደውን ሰው እንደሚቀጡ አሳውቀዋል። ያኔ ዩቲዩብም፣ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያም አልነበረም። የሚሰደበው ሰው እንደሚከፋ፣ ከፍቶትም ሥራውን እንደሚተው ቤተ መንግሥቱ ያውቅ ነበር። ሁለተኛ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ባርነትን በሕግ ፈጽሞ የከለከሉት በ1934 ዓ.ም. ነው። ሱሪናም ከተባለው 79 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በሰው ቤት በባርነት ያደገ ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ የ40 ዓመት ጎልማሳ ሊሆን ይችላል፤ የሠርግ ቤቱ ቀልድ ሲቀለድ ከአጠገባችን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። «የፍቅርሽ ባሪያ ነኝ» የሚለውን የዘፈን ቋንቋ እንኳን እሱ በምን ጆሮ እንደሚሰማው ጠይቀነው አናውቅም።

ቋንቋችንም ራሱ ሳንነግረው ተንቀሳቅሷል። «ዕውር» ሲባል ያደግን ሰዎች ዛሬ «ዓይነ ስውር» እንላለን። «ደንቆሮ» ይባል የነበረው «መስማት የተሳነው» ሆኗል። «ቆማጣ» የሚለውን ቃል ሐኪም ቤት ውስጥ የሚናገር ሰው የለም፣ የሥጋ ደዌ ነው የሚባለው። የኦሮሞ ሕዝብ የድሮ መጠሪያ፣ ብዙ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ተራ ቃል የተጻፈው፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከመንግሥት ቋንቋ ወጥቷል፤ ዛሬ በአፍ የሚያወጣው ለመሳደብ የፈለገ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣው ፈረንጅ ነው እንዴ? ባለቤቶቹ «አንባልም» ስላሉ ነው።

አንድ ማታ ያየሁትን ልንገራችሁ። ክርስትና ነው፣ ሳሎን ሞልቷል፣ ስልክ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ የድሮ ቀልድ ይታያል። የቤት ሠራተኛዋ ክፍል ሲመጣ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ እኔም ስቄያለሁ። ከመካከላችን አንዲት ሴት ብቻ «ቡናው እንዳይገነፍል» ብላ ተነሳች። ቡናው ገና አልተጣደም ነበር። ሴትዮዋ ወደ አውሮፓ ከመምጣቷ በፊት አዲስ አበባ ሰው ቤት፣ ቀጥሎ ቤሩት ሰው ቤት እንደሠራች ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም። ማንም ምንም አላለም። ከዚያ ወዲያ ያ ቀልድ ሲመጣ ጆሮዬ ወደ ኩሽና ነው።

ሌላም አለ። እኛው ራሳችን እዚህ አገር «ደ» እና «ኸት» የሚሉትን መስተአምር መለየት እያቃተን፣ ማዘጋጃ ቤት መስኮት ላይ ቆመን ስንንተባተብ፣ ልጆቻችን ቤት ገብተው አነጋገራችንን አስመስለው ይስቃሉ። ወንዱን በሴት አንቀጽ የጠራው የዚያ ቀልድ ሰውዬ ቦታው ላይ ማን እንዳለ አሁን ገባኝ።

ታዲያ እናጥፋው?

በጁን 2020 ብዙ ነገር ተነካክቷል። ኤችቢኦ ማክስ በ1939 የተሠራውን የ«ነፋስ የወሰደው» ፊልም ለጥቂት ጊዜ አውርዶ፣ የታሪክ ማብራሪያ አስቀድሞ መለሰው። ቢቢሲ ነጮች ተዋንያን ጥቁር ተቀብተው የሚታዩበትን «ሊትል ብሪቴን» ከመመልከቻው አነሳ። ስዊድን ውስጥ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2015 የፒፒ መጽሐፍ አዲስ እትም የአባቷን መጠሪያ ቀይሮ ወጣ፤ የጥቁሮች ንጉሥ የነበረው የደቡብ ባሕር ንጉሥ ሆነ። ማውረድ፣ ማረም፣ ማብራሪያ መለጠፍ፤ ዓለም እስካሁን ከነዚህ ሌላ ዘዴ አላገኘም። እኔ ማብራሪያውን እመርጣለሁ። ማረሙ ለልጆች መጽሐፍ ይገባኛል፤ ማታ ማታ እያነበቡ የሚያስተኙት ወላጆች ናቸውና። ማውረዱ ግን ሰውዬው እንዳልተሰደበ ያደርገዋል። የድሮው ሲንተርክላስ ፊልም ሂልቨርሰም በሚገኘው የድምፅና ምስል ቤተ መዛግብት ተቀምጧል፣ መቀመጥም አለበት፤ ኸርዳም እዚያው አብራ ተቀምጣለች።

አራተኛ መንገድም አለ፣ ብዙ የማይወራለት። «ሾርስ እና ሺሚ» የሚባል የደች የልጆች ካርቱን ነበር። ጥቁሩ ልጅ ሺሚ በ1930ዎቹ ሲጀምር ከንፈረ ትልቅ፣ ቋንቋው የተሰባበረ ማላገጫ ነበር። በ1970 ገደማ ያን ክራውስ የተባለው ሠዓሊ ሲረከበው፣ ሺሚን እንደ ጓደኛው ተራ የሰፈር ልጅ አድርጎ ሣለው። ካርቱኑም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፣ ልጆችም ወደዱት። ሰልፍ አልነበረም። አንድ ሠዓሊ ልጁን እንደ ሰው አየውና እርሳሱን አነሳ።

ፒትንና የእኛን ካሴት የሚለያቸው ነገርም እዚህ ላይ ነው። ፒት ያለፈ ዘመን ጨዋታ አልነበረም፤ በየዓመቱ አዲስ ሰው አዲስ ቀለም ተቀብቶ እንደገና የሚሠራው ነበር። ዘንድሮ የሚሠራ ነገር በዘንድሮ ሚዛን ቢመዘን ምኑ ነው ግፉ? የ1980ዎቹ ዓ.ም. ካሴት ግን ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ከሠሩት ብዙዎቹም በሕይወት የሉም። እነሱን በሌሉበት መክሰስ አይታየኝም። ያንኑ ቀልድ ዘንድሮ በቲክቶክ አዲስ ዊግ አጥልቆ የሚሠራው ልጅ ግን ሌላ ነው፤ እሱን መጠየቅ እንችላለን። ሕግ ይጠይቀው አላልኩም። የኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ራሱ የኪነ ጥበብ ሥራን ከክልከላው አውጥቶታል፤ ልክ የደቹ ፍርድ ቤት እንዳደረገው፣ ነገሩን ለተመልካቹ ትቶታል። ተመልካቹ እኛ ነን።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፣ በተለይ የድሮ ቀልድ ለምትጭኑ ወገኖች። ዩቲዩብ ላይ ካሴቱ ዓመት የለውም። የዛሬ 30 ዓመት የተቀረጸው ከትናንቱ ጎን ተደርድሮ ይመጣል፤ እዚህ ዛንዳም የተወለደ የ10 ዓመት ልጅ ጉራጌ ማለት ያ ሰውዬ፣ ሠራተኛ ማለት ያቺ ሴትዮ ትመስለዋለች። ስለዚህ ስትጭኑ የተቀረጸበትን ዓመተ ምሕረት፣ የተላለፈበትን ጣቢያ ወይም ያሳተመውን ሙዚቃ ቤት፣ የደራሲውንና የተዋንያኑን ስም ጻፉበት። አሁን አብዛኛው ቪዲዮ ላይ የሚገኘው «የሚያስቅ የድሮ ቀልድ፣ ክፍል 3» የሚል ርዕስ ብቻ ነው።